የደም ሜታቦላይት ምርመራ የሳንባ ባዮፕሲን ይተካል ወይ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ሳሉ አልለቃቸው ስላለ፣ አክታቸው ውስጥ ቲቢ ባይገኝም የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ወስደው ጨርሰዋል። አሁን በሲቲ ስካን ቀኝ ሳንባቸው ላይ እብጠት በመታየቱ፣ በመርፌ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር (ባዮፕሲ) ሐኪማቸው አዝዟል፤ እሳቸው ግን መርፌውን ፈርተዋል። አንድ ዘመዳችን በደም ውስጥ ባሉ ሜታቦላይቶች (ሴሎች ምግብን ሲጠቀሙ በሚፈጠሩ ጥቃቅን ውህዶች) አማካይነት ካንሰርን የሚለይ ምርመራ ውጭ አገር አለ ስላለን፣ ደማቸውን ብቻ ብንልክ ይበቃ ይሆን?

መልስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ፈጣሪ ይማራቸው። ዘመድዎ የነገሯችሁ ነገር መሠረት አለው። የካንሰር ሴል ኦክስጅን እያለው እንኳ ብዙ ስኳር ወስዶ ላክቴት ወደሚባል ውህድ ይለውጣል፤ ይህን ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ሲሆን፣ ፔት ስካንም (ጨረር የሚያመነጭ ስኳር በደም ሥር ተሰጥቶ በሰውነት ውስጥ የት እንደተከማቸ የሚያሳይ ምርመራ) የሚሠራው በዚሁ የስኳር ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች ከላክቴት ሌላ አሚኖ አሲዶችንና ቅባቶችን ጭምር እየለኩ ሕመሙን ለመለየት ይጥራሉ። ይሁን እንጂ እነዚህን ውህዶች የሚለዋውጣቸው ካንሰር ብቻ አይደለም። እኛ ጅማዎች አቦል ሳንቀምስ ከቤት አንወጣም፤ ቡናው ብቻ ትሪጎኔሊንና ሂፑሬት የተባሉትን በሽንት ውስጥ ከፍ ያደርጋቸዋል። ስኳር በሽታ፣ ሲጋራና ቲቢም የየራሳቸውን ለውጥ ያመጣሉ። በተጨማሪም ደሙ ከተቀዳ በኋላ ቀይ የደም ሴሎች በቱቦው ውስጥ ስኳሩን መጠቀማቸውን ስለማያቆሙ፣ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቶሎ ካልተለየ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ ላክቴቱም ይጨምራል። ሳይለይ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የደረሰ ደም ከሕመሙ ይልቅ የመንገዱን ርዝመት ሊያሳይ ይችላል።

መልስ፣ ሐኪም፦
በሜታቦላይት የሚደረግ የደም ምርመራ በመደበኛ ሕክምና ውስጥ ባዮፕሲን አልተካም። ፔት ስካን እንኳ ቲቢ ያለበትን ቦታ እንደ ካንሰር አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ቲቢ በበዛበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ግን ካንሰር መሆን አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ይነግረናል፤ የሚሰጠው መድኃኒትም የሚመረጠው በዓይነቱ ነው። ለክትትል ሲሆን ሜታቦላይቶቹ የተሻለ ተስፋ ያላቸው ይመስለኛል፤ ታማሚው የሚነጻጸረው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ነውና። ያም ሆኖ ዋናው የክትትል መሣሪያችን አሁንም ሲቲ ስካን ነው።

መርፌውን በተመለከተ ቦታው አስቀድሞ ይደነዝዛል። ከሳንባው አየር ሊያፈተልክ ስለሚችል ከዚያ በኋላ በራጅ ይታያሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ ደም የመላኩን ነገር ትተነዋል። አባቴ ለልባቸው በየቀኑ አስፒሪን ይወስዳሉ። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ?

ሐኪም፦
በራሳቸው አያቁሙ፤ ለልብ የታዘዘን አስፒሪን ማቋረጥም የራሱ አደጋ አለው። ነገውኑ መርፌውን ላዘዘው ሐኪም ይንገሩት፤ የሚቆምበትን ቀን እሱ ይወስናል።