ከገጠር ያመጣሁት የእህቴ ልጅ ዝምታው አስጨነቀኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የእህቴን ልጅ ለትምህርት ብዬ ከገጠር ካመጣሁት 4 ወር ሊሞላው ነው፣ 11 ዓመቱ ነው። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ይለኛል፣ እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር አሁን ግን ነገሩ አላማረኝም። ካልጠየቁት አያወራም፣ ትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ሆዱን ያመዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው። ደሞ አፍሬ ነው የምጽፈው፣ ማታ አልጋው ላይ መሽናት ጀምሯል። ባለቤቴ ይለምደዋል ተይው ይላል። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1፦ ባልሽ ልክ ነው። እኛስ ስንመጣ ማን ሐኪም ጋ ወሰደን? አታካብዱ 😀

መልስ 2፦ አይዞሽ እህቴ፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ሆዱን የሚያመው የውነቱን ነው፣ እያስመሰለ እንዳይመስልሽ፣ ልጅ ሲጨንቀው ሆዱንና ራሱን ነው የሚያመው። ሽንቱም ድሮ ትቶት ከነበረ ስትሬስ ሊመልሰው ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ስኳርና የሽንት ኢንፌክሽን ይታይለት፣ እና በፍጹም እንዳትቆጡት። አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የመጀመሪያውን 1 ወር ዝም ቢል ባለሙያም እንደ ችግር አያየውም፣ 4 ወር ግን ብዙ ነው፣ ያውም ቤትም ውስጥ። አታካብዱ ላልከው ወንድሜ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ነው የሚለው።

መልስ 3፦ እኔም በ9 ዓመቴ ነው የመጣሁት፣ ለመደ ተብዬ ነበር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ያለቀስኩትን 2 ዓመት ማንም አያውቅም። ናፍቆቱ አንድ ነገር ነው፣ እኔን የገደለኝ ግን ሌላ ነው፣ እዛ ከብት አምነው የሚሰጡኝ ታናናሾቼን የምጠብቅ ሰው ነበርኩ፣ ከተማ ስገባ መንገድ መሻገር የማልችል፣ አፌን ስከፍት ክፍሉ በሙሉ የሚስቅብኝ፣ ከታናናሾቼ እኩዮች ጋር የተቀመጥኩ ሆንኩ። በአነጋገሩ የሚስቁበት ካሉ መምህሩን ጠይቂ። እቤትም እሱ የሚችለውና የሚታመንበት ነገር ይኑረው፣ መላላክና ዕቃ ማጠብ ማለቴ አይደለም (አትቀየሚኝና ከልጆችሽ እኩል ነው የሚታየው?)። እናቱን ደሞ ብቻውን ያውራት፣ እናንተ ፊት ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምንም አይልም።

ጠያቂ፦ አልቀየምም፣ እውነት ለመናገር መላላኩ በሱ በዝቷል፣ አሁን ነው ያስተዋልኩት። ለሐሙስ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ትናንት ስልኩን ሰጥቼው ወጣሁና 40 ደቂቃ አወሩ፣ መስማት አልነበረብኝም ግን ሰማሁ፣ ላሚቷ ወለደች ወይ እያለ ነበር፣ ድምፁን እንደዛ ከፍ አድርጎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።