አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ ይቁም ወይስ ይቆይ? (የሰሜን ሸዋ ልጆች ክርክር)

የጠባሴው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃንም ሆነ በየወረዳው ከተማ አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ሕጉ አይፈቅድም። እኔ ሕጉ አሁኑኑ፣ በሁሉም ፋርማሲ ላይ ይፈጸም ባይ ነኝ። ብዙ ሰው "ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው" ይላል። የሚላመደው ባክቴሪያው ነው። እሱ ደግሞ ከእኔ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ስለዚህ "በገንዘቤ፣ ለገዛ ሰውነቴ" የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ኖቤል ሲሸለም፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ የሚያመጣውን ጣጣ ተናግሮ ነበር። ከዚያ በላይ ምን እንጠብቃለን?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ወንድሜ፣ አስፋልት ዳር ሆኖ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። በመንዝ ገጠር ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት በእግር የሚኬድበት ቀበሌ አለ። ለፍቶ ሲደርስ "መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ" ይባላል። የጤና መድን መዋጮውን የከፈለ ሰው እኮ ነው! መጨረሻው ፋርማሲ ከሆነ መጀመሪያውኑ እዚያው ቢሄድ ምን ይፈረድበታል? ልጁ በትኩሳት ለሚቃጠልበት አባት "ወረቀት አምጣ" ማለት በር መዝጋት ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ይሟላ፣ ያኔ እኔም አብሬህ እጮሃለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ማዘዣ ያለው ሁሉ ልክ ነው ያለውስ ማነው? ለጉንፋን አንቲባዮቲክ የሚጽፍ ባለሙያ አለ። ጉንፋን በቫይረስ ነው የሚመጣው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። የሚሸጠውን ስትይዙ የሚጽፈውንም አትርሱ።

ፋርማሲስቷ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እኔ ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ የማየውን ልናገር።

ሰው ባዶ ስትሪፕ ይዞ ይመጣል። "ከዚህ አራት ፍሬ ስጪኝ" ይላል። ለምን አራት? በእጁ ያለው ብር ለአራት ስለሚበቃ ነው። ሙሉውን ካልሆነ አልሸጥም ስለው ተቆጥቶ ይወጣና ከጎኔ ካለው ይገዛል። አራት ፍሬ ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል። ለሁለት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ያገረሽበታል፣ ከዚያ ጠንከር ያለ መድኃኒት ይፈልጋል።

ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ የማይወራው መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ሲጋጭ የሚሆነው ነው። ማዘዣ አለ ማለት "ሌላ ምን ትወስዳለህ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አለ ማለት ነው። ቢያንስ መጠየቅ ነበረበት። የልብ በር ሕመም ኖሮበት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው፣ ሆዱን ሲቆርጠው "አሜባ ነው" ብሎ ፍላጅል ይገዛል። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ፍላጅሉ ጉበት ዋርፋሪኑን እንዳያስወግድ ያግዳል። የዋርፋሪኑ ኃይል ከልክ ያልፋል፣ ሰውየው ውስጡ ሊደማ ይችላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ወይም ክንዷ ላይ ያስቀበረች ሴት መከላከያዋ ይደክማል። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ የኤችአይቪ ታካሚ ሪፋምፒሲን ሲጀምር በቀን አንዴ የነበረው ሁለቴ የሚሆንለት ለዚህ ነው። የቲቢ ታካሚ ግን ተከታታይ አለው። ለብቻው ገዝቶ የሚሄደውን ማን ያየዋል?

አንድ ደግሞ የአገራችንን ልንገራችሁ። እዚህ ወተት አለ። "መድኃኒቱ ይከብዳል" ብሎ ሲፕሮን በወተት የሚውጥ ብዙ ነው። የወተቱ ካልሲየም መድኃኒቱን አንቆ ይይዘዋል፣ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ከብረት እንክብልና ከአንዳንድ የጨጓራ ማስታገሻ ጋርም እንዲሁ ነው። ሰውየው ሙሉውን ገዝቶ ሙሉውን ውጧል። ደሙ ውስጥ ያለው ግን ጎዶሎ ነው። አራት ፍሬ ከገዛው ሰው በምን ተሻለ?

ከሸዋ ሮቢት፦ እህቴ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። እኛ ቆላዎቹ ይሄን በወባ አይተነዋል። አንቲባዮቲክ ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው። ክሎሮኪን ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት አልሠራ ሲል በ1998 በፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየ፣ በ2004 ኮአርተም መጣ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። አሁን ደግሞ ኮአርተም ውስጥ ያለውን አርቴሚሲኒን የሚባለውን መድኃኒት በከፊል የሚቋቋም ወባ አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። ሰዉ ግን የሦስት ቀኑን መድኃኒት ላቡ ሲቆምለት ያቆምና የቀረውን "ለሌላ ጊዜ" ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል።

ላም አርቢው፦ የከብቱንስ ማን ያንሳ? ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ ላሙን ራሱ የሚወጋ አለ። ከተወጋች በኋላ መድኃኒቱ ወተቷ ውስጥ ስለሚገባ ወተቷ የሚደፋበት ቀን አለ። ወተቱ ገንዘብ ስለሆነ ሳይደፋ ይሸጣል። ሰውን ብቻ ብትከለክሉ ግማሽ ሥራ ነው።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ፋርማሲስቷ ያለችው ገብቶኛል፣ የወተቱ ነገር በተለይ። ግን ይሄ የሚያሳየው ምክር እንደሚጎድል ነው። ገበሬውን ባዶ እጁን መመለስ ምክር አይሆነውም።

የጠባሴው፦ እሺ፣ እንግዲያው ሁሉንም ባንድ ቀን አንዝጋ። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በቡድን ከፍሏል። አሞክሳሲሊን በቅድሚያ ከሚታዘዙት ውስጥ ነው። ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪአክሶን በጥንቃቄ ይያዙ ከተባሉት ናቸው። ከእነዚህ እንጀምር። ሲፕሮና መሰሎቹ ላይ ሌላም ነገር አለ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው ከእነሱ አንዱን ገዝቶ ሲውጥ ቲቢው ለጊዜው ይደበቃል። ምርመራው ይዘገያል፣ እሱ ቤተሰቡን ያስይዛል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የምንተማመነው ደግሞ በዚሁ በሲፕሮ ወገን ነው። እሱንም ካጣነው ምን ይቀረናል?

ፋርማሲስቷ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ሁሉም ፋርማሲ እኩል ከተያዘ። እኔ ብቻዬን እምቢ ካልኩ ደንበኛዬን አጣለሁ፣ መድኃኒቱ ግን መሸጡ አይቀርም። ፍሬ እየቆረጡ መሸጥም አብሮ ይከልከል።

ጡረተኛው መምህር፦ የሚጽፈውም ይጠየቅ ያልኩት ይያዝልኝ።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ተይዟል፣ ጋሼ። ሲፕሮው፣ አዚትሮማይሲኑና ሴፍትሪአክሶኑ ይዘጉ፣ አልከራከርም። አሞክሳሲሊን ግን ጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ እስኪገኝ ድረስ ክፍት ይሁን። በዚህች ላይ አልለቅም።