ለተማሪዎች ደብተር ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ምን ማሟላት አለብን?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር ልጆች የሆንን 12 ወጣቶች፣ አቅም ለሌላቸው የአካባቢያችን ተማሪዎች ከመስከረም በፊት ደብተርና ቦርሳ ለመግዛት ተነሥተናል። ቡናና አምባሻ ለመሸጥ፣ በግ የሚያሸልም ቶምቦላ ለማዘጋጀት፣ እንዲሁም ሣጥን ይዘን በአደባባይ ለመጠየቅ አስበናል። አምና በአንድ አባላችን የግል ቴሌብር ሰብስበን ገንዘቡ በሙሉ ለታለመለት ዓላማ ቢውልም፣ ሐሜቱ ልጁን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ይህ ዳግም እንዳይደርስብን ሕጉን የምታውቁ ብትመሩን እናመሰግናለን። ከመካከላችን አራቱ ገና 16 ዓመታቸው መሆኑንም እንገልጻለን።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦ አስቀድማችሁ መጠየቃችሁ መልካም ነው። መነሻችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠሩ ድርጅቶች ላይ ተፈጻሚ ነው፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር ግን የሚመለከተው የክልሉ ሕግ ነው። አዋጁ ከሚያውቃቸው አደረጃጀቶች ለእናንተ የሚቀርበው የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ወይም ንብረት ለማሰባሰብ የሚያቋቁሙት ነውና። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በምታቀርቡት ማመልከቻ የአባላቱን ስም፣ ዓላማውን፣ ሥራው የሚጠናቀቅበትን ጊዜና የባንክ ሒሳቡን ለይታችሁ ጻፉ። ቋሚ ማኅበር መመሥረት ለአንድ ወቅት ሥራ ከባድ ይሆንባችኋል ብዬ አምናለሁ።

ቶምቦላውን በሚመለከት፣ ዕጣ ሸጦ ሽልማት ማውጣት የሎተሪ ሥራ ስለሆነ ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዓመታት ፈቃዱን ሲሰጥ የኖረው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። የበጉ ዋጋ ትንሽ መሆኑ ከፈቃድ ነፃ አያደርጋችሁም። ጊዜው ካጠረባችሁ ቶምቦላውን ብትተዉት እመርጣለሁ።

መልስ (የዕድር ጸሐፊ)፦ ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክሙ በሰፈራችሁ ዕድር ስም ብትሰበስቡስ? ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦ አባቴ፣ ያሉት እውነት ነው፤ አዋጁ ዕድርን፣ ዕቁብንና የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ነገር ግን ዕድር የሚቆመው በአባላቱ መዋጮ ስለሆነ፣ ስሙን ይዞ ከመንገደኛ ገንዘብ መጠየቅ ዕድሩንም ወጣቶቹንም ለጥያቄ ያጋልጣል። ዕድሩ ከራሱ አባላት አዋጥቶ ቢረዳቸው ግን የሚያስመሰግን ነው።

መልስ (በአንድ የወጣቶች ማኅበር ሒሳብ ያዥ የነበረች)፦ የአምናውን ሐሜት የሚያስቀረው የገንዘቡ አያያዝ ነው። ገንዘቡ በኮሚቴው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ወጪውም በጥምር ፊርማ ይሁን፣ ፈራሚዎቹም 18 ዓመት የሞላቸው ይሁኑ። የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ሆኖም የ16 ዓመት ልጅ በሌሎች ገንዘብ ላይ ኃላፊነት መሸከም የለበትም። አራቱ ደብተር በመቁጠርና በማከፋፈል ይሠማሩ። ሣጥኑ ታሽጎ ይዙር፤ ሲከፈትም ሦስት ሰዎች ባሉበት ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ገንዘቡም ሳያድር ባንክ ይግባ። ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ከነቀሪው አዘጋጁ፤ አንዱ ቅጠል ቢበላሽ እንኳ ሳይቀደድ ተሰርዞ ከጥራዙ ጋር ይቀመጥ። እኛ የተበላሸ ደረሰኝ በመጣላችን ምክንያት ለወራት ስንጠየቅ ኖረናል።

ጥያቄ (የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ታላቅ ምስጋና እናቀርባለን። ቶምቦላውን ትተነዋል። ለትራንስፖርትና ለቲሸርት ከተሰበሰበው ላይ ማውጣት ይፈቀድልናል? በአሜሪካ ያለ ወንድማችንም ጎ ፈንድ ሚ በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ እንርዳችሁ ብሎናል።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)፦ አዋጁ ለድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ያስቀመጠው ጣሪያ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ነው። ደብተሩን የሚያጓጉዘው መኪና ኪራይ ተገቢ ወጪ ነው፤ ቲሸርቱን ግን ከኪሳችሁ ብትሸፍኑት ይሻላል፣ ሰጪው ገንዘቡን የሰጠው ለተማሪዎቹ ነውና።

መልስ (ከሜሪላንድ)፦ ጎ ፈንድ ሚ በኢትዮጵያ ወዳለ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ስለማይከፍል፣ ዘመቻውን የሚከፍተው ወንድማችሁ ራሱ በሚኖርበት አገር ባለው ሒሳብ ተቀብሎ ወደ ኮሚቴው ሒሳብ በባንክ ማስተላለፍ ይኖርበታል። ገንዘቡ ለማንና ለምን እንደሚውል፣ እርሱም ከእናንተ ጋር ያለውን ግንኙነት በገጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የላከበትን የባንክ ማስረጃም ለሒሳብ ያዣችሁ ይላክ።