እሁድ ጠዋት መንገዱ የማን ይሁን?

የውይይቱ አስተባባሪ፦

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት በአዲስ አበባና በሌሎች የአገራችን ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ አንዳንድ ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለጨዋታ ተከፍተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የታሰበው በየወሩ የመጨረሻ እሁድ እንዲደገም ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ሰው መሰብሰብ ሲከለከል ግን እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ቆመ። የዛሬው የክርክር ጥያቄያችን የሚከተለው ነው፦ አንዳንድ መንገዶች በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ለመኪና ተዘግተው ለሰው መከፈታቸው ቋሚ ሥርዓት ሊሆን ይገባል ወይስ አይገባም? እንደ ልማዳችን ከሐሳቡ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር አንሟገት።

የሚኒባስ ሾፌር፣ ከመገናኛ፦

እኔ አይገባም ባይ ነኝ። የምነዳው የሰው መኪና ተረክቤ ነው። መንገዱ ተከፈተም ተዘጋም ባለቤቱ ማታ ላይ የተስማማንበትን ገቢ ይጠብቃል፤ ነዳጁ፣ የረዳቱ ድርሻና የእኔ የቤት ወጪ የሚታሰበው ከዚያ ወዲያ ነው። እሁድ ከሌላው ቀን ሥራው ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፣ ገበያ ወጪው፣ ዘመድና በሽተኛ ጠያቂው የሚንቀሳቀሰው በጠዋቱ ስለሆነ፣ ያ ሰዓት ካመለጠኝ ከሰዓት በኋላ አላካክሰውም። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሁላችንም ቅያሱን እንሻማለን፤ ቅያሱ ይጨናነቃል፤ «እዚህ ላይ ውረዱ» የተባለው ተሳፋሪም የሚቆጣው በእኔና በረዳቴ ላይ እንጂ መንገዱን በዘጋው አካል ላይ አይደለም። ወጣቶች መጫወታቸውን አልጠላም፤ የእኔም ልጆች ወጣቶች ናቸው። ነገር ግን የአንዱ ደስታ የሌላውን የዕለት ጉርስ የሚነካ ከሆነ ደስታው ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

የባንክ ሠራተኛ፣ ከሳሪስ፦

ጋሼ፣ ስለ ዕለት ገቢ ያነሡት ነገር በዋዛ የሚታለፍ ስላልሆነ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን «ደስታው ሌላ ቦታ ይፈለግለት» ያሉትን ላንሣ፤ የጥያቄው እምብርት ያለው እዚያ ይመስለኛልና። ሌላ ቦታ ማለት የት ነው?

ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነኝ። ከደመወዜ ላይ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ለእናቴ የምልከው ሲቀነስ የሚተርፈኝ እንደ እኔ ደመወዝተኛ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ያህል ነው። እኔን የመሰለ ሰው እሁድ ከጓደኞቹ ጋር መገናኘት ሲያምረው ካፌ መግባት ይችላል፤ ሆኖም አንድ ማኪያቶ አዝዞ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አስተናጋጁንም ተቀማጩንም ያሳቅቃል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ያማረ ቢሆንም መግቢያው በክፍያ ነው። በቀጣዩ ዓመት የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም አየሩ ልብ ያድሳል፤ ከሳሪስ ተነሥቶ፣ ታክሲ እየቀያየሩ እዚያ መውጣት ግን ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ከደረሱ በኋላም ፈረሱም፣ ሌላውም መጫወቻ ገንዘብ ይጠይቃል። የሰፈር ወንዶች ቢያንስ ጆተኒና ከረምቡላ ቤት አላቸው፤ ለሴት ልጅ እሱም የለም። እንግዲህ ገንዘብ ሳያወጡ፣ «ምን ልታዘዝ?» የሚል ሳይመጣ፣ በዕድሜ መበለጥም መብለጥም ሳያሳፍር የሚጫወቱበት ቦታ በዚህች ከተማ ውስጥ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እኔ ያገኘሁት መስቀል አደባባይ አጠገብ መንገዱ በተዘጋበት አንድ እሁድ ነበር። ልጅ ሳለሁ ብስክሌት መንዳት አልተማርኩም፤ ወንድሞቼ ከሰፈር ልጆች እየተከራዩ ሲማሩ እኔ «አርፈሽ ተቀመጪ» ተብዬ ነው ያደግሁት። በዚያ ጠዋት ጓደኛዬ ብስክሌት ተከራይታ ከኋላ ኮርቻውን ይዛልኝ ተነሣን። ኮርቻው ከፍ ያለ ስለነበር እግሬ መሬት የሚነካው በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው፤ ፍርሃቴም ስለበዛ ዓይኔን ከፊተኛው ጎማ ላይ መንቀል አቃተኝ። ቱታ ለብሰው በእርጋታ የሚሮጡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ አሉና «ልጄ፣ ጎማውን አትይው፤ የምትሄጂበትን እይ» ብለውኝ አለፉ። እንዳሉኝ ቀና ስል ብስክሌቱ ቀጥ አለ፤ ጓደኛዬ እጇን መቼ እንደለቀቀች ዛሬም አላውቅም። ከፊቴ ሕፃናት በጠመኔ አስፋልቱ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሠርተው ይዘላሉ፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ዳር አስቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ለዚያ ሁሉ ደስታ ያወጣነው የብስክሌቱን ኪራይና የአንድ ስኒ ቆሎ ዋጋ ነው።

ይህን ያወራሁት ደስታዬን ላካፍላችሁ ብቻ አይደለም። በሥራ ቀን ያንኑ ቦታ የማውቀው በታክሲ መስኮት ወይም ከወረፋ ጅራት ላይ ቆሜ ነው። ከተማው የእኔም እንደሆነ የተሰማኝ መሐል መንገድ ላይ ማንም ጥሩንባ ሳይነፋብኝ በሄድኩ ጊዜ ነው። በተረፈ መንገድ መዝጋት ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለኢሬቻ እንዘጋለን፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ለ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ እንዘጋለን፤ የውጭ እንግዳ ሲመጣም ሳይነገረን ይዘጋብናል። ለዚህ ሁሉ የተቻለው ለነዋሪው ተራ እሁድ ጠዋት ለምን እንደማይቻል አይገባኝም።

እናቷን የምታስታምም፣ ከልደታ፦

እህቴ፣ ያወራሽው ደስ ይላል፤ ቅን መሆንሽም ያስታውቃል። ነገር ግን ስለ ከተማው ስትናገሪ ጉልበት ያላቸውን ብቻ ያሰብሽ መስሎ ተሰማኝ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ያለ ታክሲ ከቤት አትወጣም፤ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ በጉጉት የምትጠብቃት እሁድን ነው። ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ ጽዋ ማኅበሯ ሲደርስ ትገኛለች፤ የእድር ልቅሶ ካለም መቅረትን እንደ ነውር ታየዋለች። መንገዱ በተዘጋ ዕለት የታክሲው መውረጃ ሲርቅ ያንን ርቀት በክንዴ ደግፌ አድርሻታለሁ፤ በየጥቂት እርምጃው እየቆምን፣ የሱቅ ደጃፍ ላይ እያስቀመጥኳት ማለት ነው። የእናቴ ደስታም እኮ ትንሽ ደስታ ነው፤ እሷም ያላት እሁድ ብቻ ነው።

ሕመምተኛ የያዘ ሰው ቢቸኩል፣ ነፍሰ ጡር ምጥ ቢይዛት የተዘጋውን መንገድ ማን ይከፍትለታል? በወር አንድ ጊዜ ሲሆን ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ ይዘጋጅበታል፤ ሠርግም ማኅበርም ሌላ ቀን ይደረጋል። በየሳምንቱ ሲሆን ግን በዓመት ከ50 በላይ እሁዶች ይሆናሉና፣ ሸክሙ የሚወድቀው በአረጋውያንና እነሱን ደግፈው በሚሄዱት ላይ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ይሁን እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን እቃወማለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጀሞ፦

ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። መንገድ ላይ እንድንጫወት የተገደድነው ሜዳችንን ስላጣን ነው። ታላላቆቻችን ኳስ የተጫወቱባቸው የሰፈር ሜዳዎች ብዙዎቹ ግንባታ ቆሞባቸዋል ወይም ታጥረዋል። መንገድ ለጥቂት ሰዓት ተውሶ መልሶ ከመስጠት ይልቅ ለየሰፈሩ አንድ ሜዳ በቋሚነት ይሰጠን። ብስክሌት ለሚወደውም ራሱን የቻለ መስመር ይሠራለት፤ የተሠራውም ይጠበቅለት። ከለቡ እስከ ጀሞ በተሠራው የብስክሌት መስመር ላይ መኪና ሲቆምበትና ዕቃ ሲደረደርበት በዓይኔ አይቻለሁ።

የባንክ ሠራተኛ፣ ከሳሪስ፦

ወንድሜ፣ ሜዳው ይመለስልን ማለትህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም ሜዳ መሬት ይፈልጋል፤ መሬት በጀት ይፈልጋል፤ በጀት ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል። አንተም እኔም በዚያ መካከል ሠላሳዎቹን እንገባለን። አስፋልቱ ግን ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ የሚያስፈልገው ገመድ፣ የመንገድ ምልክትና ጥቂት ትራፊክ ፖሊሶች ናቸው። ሜዳው እስኪመጣ መንገዱ ቢከፈት ሜዳ የመጠየቅ መብታችንን አያሳጣንም፤ እንዲያውም ስንት ሰው ቦታ ተርቦ እንደቆየ በግልጽ ያሳያል።

የልደታዋ እህቴ ያነሣሽው የእናትሽ ነገር እኔንም ያሳስበኛል፤ የእኔም እናት ወደዚያው ዕድሜ እየተቃረበች ነው። እንዲዘጋ የምጠይቀው ከተማው በሙሉ አይደለም፤ በየክፍለ ከተማው አንድ አንድ መንገድ፣ ያውም ሆስፒታልና ትልቅ ደብር የማይገኝበት ተመርጦ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው። በመንገዱ ጠርዝ ለአምቡላንስና ሕመምተኛ ለያዘ መኪና አንድ መስመር ሁልጊዜ ክፍት ሊተው ይችላል። መኪና ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያንም በዚያው መስመር መግቢያ ይፈቀድ። ባቡሩም አለ፦ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጋው ቀላል ባቡር የራሱ ሐዲድ ስላለው አስፋልቱ ሲዘጋ አይቆምም።

በየሳምንቱ መሆን አለበት የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር ዝግጅት ሆኖ ይቀራል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ነዋሪው ደግሞ ቀኑን ይረሳዋል። ቀኑና ቦታው የታወቀ ሲሆን ግን ሾፌሩም፣ ተሳላሚውም፣ ወጣቱም ኑሮውን በዚያው ልክ ያደራጃል። የኮሎምቢያዋ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ይህንን ስታደርግ ኖራለች፤ ዛሬ በየእሁዱና በየበዓሉ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለሰው ትከፍታለች። ኪጋሊም እ.ኤ.አ. በ2016 በወር አንዴ ጀምራ በኋላ በወር ሁለቴ አድርጋዋለች። ሁለቱም ከተሞች ታክሲ፣ ሽማግሌና ሕመምተኛ ያለባቸው ከተሞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ይመክራል፤ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሠራተኛ ይህ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ጠዋት ነው።

ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። በዕለት ገቢው ላይ ያሉት ትክክል ነው፤ ወጪው በሾፌርና በረዳት ብቻ መውደቁን አልደግፍም። የተዘጋው መንገድ ጫፍና ጫፍ ላይ ጊዜያዊ የታክሲ ተራ ቢኖር፣ ለጨዋታ የሚመጣው ሕዝብ የእናንተ ተሳፋሪ ይሆናል፤ እኔም ከሳሪስ የመጣሁት በሚኒባስ ነው፣ የተመለስኩትም በሚኒባስ። የተዘጋው መስመር ላይ የሚሠሩ ታክሲዎችም ለእነዚያ ሦስት ሰዓታት ሌላ መስመር በጽሑፍ ይፈቀድላቸው፤ ትራፊክ ፖሊሱም ከመስመር ወጣህ ብሎ እንዳይቀጣቸው አስቀድሞ ይወቅ።

የሚኒባስ ሾፌር፣ ከመገናኛ፦

ልጄ፣ ስላዳመጥሽኝ አመሰግናለሁ። የታክሲ ተራው ጫፍና ጫፍ ላይ ይሁን፣ ለጊዜው የመስመር ለውጥ ይፈቀድ ያልሽው ከተፈጸመ ሦስት ሰዓቱን እችለዋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና የታወቀ ይሁን፤ ዛሬ ቦሌ ነገ ሜክሲኮ እየተባለ ጠዋት መሪ ይዘን ከተነሣን በኋላ መስማት የለብንም። የቀረው የባለንብረቱ ጉዳይ ነው። በቃል «እሁድ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ ነበር» ብዬ ብነግረው ገቢ አይቀንስልኝም። ከትራንስፖርት ቢሮ ለታክሲ ማኅበራት በደብዳቤ ከተገለጸና ማኅበራቱም ለባለንብረቶች ካሳወቁ እኔ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፤ ደብዳቤው እስኪወጣ ድረስ ግን ድምፄ «አይገባም» በሚለው ይመዝገብልኝ።