ስክሬፐሩ ሞልቶ አይጭንልንም
ሰላም ኦፕሬተሮች። አንድ ዲ8 ዶዘር (ትልቅ አፈር ገፊ ማሽን) እና ሁለት ስክሬፐር (አፈር እየላጠ በገንዳው ጭኖ የሚወስድ ማሽን) አለን። አፈሩ ደረቅ ሸክላ ነው፤ መድፊያው 400 ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በዶዘር ብቻ መግፋት አያዋጣም። ችግሩ፣ ዶዘሩ ከኋላ እየገፋው እንኳ ስክሬፐሩ ግማሽ ይዞ ይቆማል፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። የስክሬፐሩን ምላጭ ጠለቅ ሳደርገው ጭራሽ ባሰበት። ቁልቁል እየቆረጥን ስንጭን ተሻለ፣ ግን ሜዳው ይበዛል። በሪፐር (ከዶዘሩ ኋላ ባለው መቅደጃ የብረት ጥርስ) አፈሩን ስንቀደው ደግሞ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጓል ይነሳል። ገንዳው ከላይ የተቆለለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ክፍተት ብቻ! የውሃ ቦቴ አለን፤ ሸክላ ሲረጥብ ገንዳው ላይ ይጣበቃል ብዬ እስካሁን አልነካሁትም። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የሠራችሁ፣ ከመቅደዳችን በፊት ማታ ውሃ እናጠጣው ወይስ የሪፐሩን መስመር አቀራርበን ጓሉን በደረቁ እናድቅቀው?