የሺታኬ እንጉዳይ ጠረን ወጥ ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ሰብለ_ኩሽና፦
የደረቀ ሺታኬ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ከቁሌቱ ጋር አንድ ሰዓት ሲበስል ያ የታወቀ ጠረኑ የለም። እርጥቡም ሲገዛ ብዙ አይሸትም። ጥፋቱ የእንጉዳዩ ነው የአሠራሩ? የተዘፈዘፈበት ውሃስ ይደፋል?

ድኝ_ወዳጅ፦
የአሠራሩ ነው፣ እህቴ። ጠረኑ የሌንቲዮኒን ነው፤ አምስት የድኝና ሁለት የካርቦን አተሞች ቀለበት ሠርተው የያዙት ውህድ። እርጥቡ ውስጥ ግን ተዘጋጅቶ አይጠብቅም። እዚያ ያለው ሽታ የሌለው ሌንቲኒክ አሲድ ነው። ህዋሱ ሲሰበር አንዱ ኢንዛይም ግሉታሚክ አሲዱን ይቆርጣል፣ ሌላው ድኝ ያለበትን ክፍል ያላቅቃል፣ ስብርባሪው ተያይዞ ቀለበቱን ይሠራል። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ዝም ብሎ ሲወቀጥ ቤቱን እንደሚሞላው ነው። የፈላ ውሃ ኢንዛይሞቹን ሥራ ሳይጀምሩ ይገድላቸዋል።

ከደረቁ 30 ግራሙን በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ጊዜ ዘፍዝፊ። ሎሚም ኮምጣጤም አይግባበት፤ አሲድ ኢንዛይሙን ያደክመዋል። ውሃውን እንዳትደፊው! አጥልለሽ አስቀምጪው፤ ከታች የዘቀጠው አሸዋ ብቻ ይቅር።

ምጣድ_ዳር፦
ዘይቱም አለበት። ሌንቲዮኒን ውሃ ውስጥ በጣም ጥቂቱ ይሸታል፤ ዘይት ውስጥ ግን ብዙ እጥፍ ካልሆነ አፍንጫ አይደርስም። ረጅም እሳትም ያፈርሰዋል፣ በእንፋሎትም ይወጣል። እንግዲህ ግማሹን እንጉዳይ ከቁሌቱ ጋር አስገቢ፤ ምላስ ላይ የሚቀረው ጣዕም፣ ጓኒሌት የሚባለው፣ መፍላትን ይችላል። ቀሪውንና የተዘፈዘፈበትን ውሃ ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ጨምሪ። ከዚያ ማሳጠር አይገባም፤ በደንብ ያልበሰለ ሺታኬ አንዳንድ ሰው ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል።

ድኝ_ወዳጅ፦
እርጥቡን ለማድረቅ፦ ከጃንጥላው ሥር ያለውን ሽንሽን ወደ ላይ አድርጎ በ45 ዲግሪ መጀመር፣ ማብቂያው ላይ 60 ማድረስ። ከመጀመሪያው በከፍተኛ እሳት ከሆነ ላዩ ይጠነክርና ውስጡ እርጥብ ቀርቶ ይሻግታል። 1 ኪሎው ከ100 እስከ 150 ግራም ይወጣዋል።

አገር ቤት በብዛት የሚመረተው ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ላይ ግን ይህን ዘዴ አትሞክሪው። የሱ ጠረን በዋናነት የኦክቴኖል እንጂ የድኝ አይደለም።

ሰብለ_ኩሽና፦
እግሩስ?

ምጣድ_ዳር፦
ቢውል ቢያድር አይለሰልስም። ለመረቅ ቀቅለሽ አውጪው።