ለጌም ኮምፒውተሬ የትኛው ሜሞሪ ይስማማል?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ማዘርቦርዴ ቢ450፣ ፕሮሰሰሬ ራይዘን 5 3600 ነው። ያለኝ ሜሞሪ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 4 (አራተኛው የሜሞሪ ትውልድ)፣ ፍጥነቱ 2666 ነው። ጨዋታ ስከፍት ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ፒያሳ አንድ ሻጭ ባለ 16 ዲዲአር 5 አሳይቶኝ «ሁሉም ይገባል» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትገዛ! ያ ማዘርቦርድ ዲዲአር 4 ብቻ ነው የሚቀበለው። ዲዲአር 4 እና 5 ሁለቱም 288 እግር (የሚሰካው የብረት ጫፍ) ስላላቸው ዓይን ያታልላሉ፤ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን ከታች ያለው ጎድጓዳ ቦታ አይገጥምም። በጉልበት ከተጫኑት ማስገቢያው ይሰበራል፤ እንዲህ የተበላሸ ማዘርቦርድ ሳይ ያንገበግበኛል። ሻጩ ያለውን ትተህ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፦ «ፒሲ4» የሚለው ነው የአንተ። አጭሩ የላፕቶፕ ነው፣ ተወው።

እኔ ብሆን በአንድ ማሸጊያ የመጡ ሁለት ባለ 8፣ 3200 እገዛለሁ። አራት ማስገቢያ ካለህ ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረህ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰካቸው፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ራይዘን በግልጽ ይፈጥናል። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተህ ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ሜሞሪው በተጻፈበት ፍጥነት እንዲሄድ የሚያደርገውን ምርጫ አብራ፤ ካልበራ ከ3200 በታች ሊሠራ ይችላል።

ሌላ መልስ፦
ገንዘብ ካጠረህ የአሁኑን ሳታወጣ አንድ ባለ 8፣ 2666 ጨምርበት። 3200 ብትጨምርም ሁለቱም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚሄዱት።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ይህም ያስኬዳል። ብቻ ሱቁ ውስጥ አስገጥመህ፣ 16 ጊጋባይት መነበቡን ሳታይ ገንዘቡን አትክፈል።